ምችን ሲያሳድዱ የኖሩት የወይዘሮ አገርነሽ ክንዱ የሕይወት ታሪክ

ወይዘሮ አገርነሽ ከአባታቸው ከቄስ ክንዱ አድማሱና ከእናታቸው ከወይዘሮ ጽጌ ወርቁ በኅዳር ወር 1949 ዓ.ም. በደቅ ደሴት ተወለዱ። የቤቱ በኵር ነበሩ፤ ቁጣቸውም የበኵር ነበር።

በ1960 ዓ.ም. በአራት ዓመት የሚያንሳቸውን ወንድማቸውን፣ ይህን ጽሑፍ የሚያነበውን ፍቅረ ማርያምን፣ ከንፈሩን ምች መታው። ሕመሙ ወደ ግራ ዓይኑ ሲዛመት፣ እንደ አገሩ ልማድ ዳማከሴ ጨምቀው ያንጠባጠቡለት እሳቸው ነበሩ። ዓይኑ ጠፋ። እሳቸውም የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ሆነው «እኔ ነኝ ያጠፋሁት» ብለው ስንት ቀን እህል አልቀመሱም።

ባሕር ዳር ተምረው በ1971 ዓ.ም. በላቦራቶሪ ሙያ ተመረቁ፤ ሠላሳ ስምንት ዓመትም በሙያው አገለገሉ። በ1975 ዓ.ም. ከመምህር ይትባረክ ዓለሙ ጋር በተክሊል ተጋብተው ወንጌላዊትንና ቃለ ሕይወትን አፈሩ።

በየዓመቱ በጀልባ ወደ ደቅና ቁንዝላ እየተሻገሩ ያስተምሩ ነበር። «ፀሐይ መትቶት ነው» የሚል ሰው ካገኙ አለቀለት! የከንፈር ምች ሄርፒስ የሚባል ቫይረስ መሆኑን ያስረዱታል። የተያዘ ሴል ደጃፉ ላይ ምልክት አውጥቶ የሰውነትን ዘብ ይጠራል፤ ቫይረሱ ግን ምልክቱን ያወርድበታል፣ ዘቡም ደኅና ነው ብሎ ያልፋል። ከዚያ ነርቭ ውስጥ ተሸሽጎ ዕድሜ ልክ ይኖራል። ዓይን ከቀላ ቅጠሉን ትታችሁ በዚያው ቀን ሐኪም ዘንድ ሂዱ ይሉ ነበር። ልጃቸውን ዘግይተው ላመጡ እናቶች ደግሞ፣ «የሰውነትን ዘብ ያታለለ እናንተን ቢያታልል ምን ይገርማል?» እያሉ ያጽናኑ ነበር።

ለራሳቸው ግን ይህ መጽናኛ አልሠራላቸውም። በየፋሲካው ወንድማቸውን «ይቅር ብለኸኛል ወይ?» ብለው ይጠይቁት ነበር፤ እሱም «የአንቺን ቁጣ ለማየት አንድ ዓይን ይበቃል» እያለ በቀልድ ያልፈው ነበር።

በ2016 ዓ.ም. የደም ካንሰር ያዛቸው። ሕክምናው የሰውነታቸውን ዘብ ሲያደክመው፣ ከልጅነት ኩፍኝ መሰል ሕመማቸው ጀምሮ ተኝቶ የኖረ ሌላ የሄርፒስ ዘመድ አልማዝ ባለጭራ ሆኖ ተነሣባቸው። ሐኪሙ ሳይናገር የሕመሙን ስም ጠርተው፣ «ይኸው፣ አልረሳኝም» ብለው ሳቁ። ጥር 14 ቀን 2017 ዓ.ም. በተወለዱ በ68 ዓመታቸው ዐረፉ። ባለቤታቸው፣ ሁለት ልጆቻቸው፣ አምስት የልጅ ልጆቻቸውና ወንድማቸው ቀርተዋል።

እታለም፣ ዓይኔን ያጠፋው ያ አታላይ ነው እንጂ የአንቺ እጅ አይደለም። ቂም ይዤብሽ አላውቅም። ይህን በቁምሽ ስላልነገርሁሽ አንቺው ይቅር በይኝ። ነፍስሽን አምላክ ከደጋጎቹ ጋር በሰላም ያኑራት።