ስፌቱ ይታይ

ጥቅምት 6

ሱቅ ስደርስ አክስቴ ቀድማኝ ከፍታለች። ሦስት ሱሪ ማሳጠር፣ አንድ ዚፕ መቀየር፣ የአስተናጋጁ ጃኬት ክርን። ይኸው ነው ጠዋቱ።

ከሰዓት ኮሌጅ። የኮርሱ ስም እንደ ባቡር የረዘመ... ድርሰት፣ ሂሳዊ ንባብ፣ ጥናት። አንዱ አይበቃም ነበር? ባለፈው ዓመት ወድቄበታለሁ። ዘንድሮ ከወደቅሁ መሰናበት ነው። በአርባ አንድ ዓመቴ!

መምህሩ ከእኔ በአሥር ዓመት ያንሳል። አንድ ነገር በተነበበ ቁጥር "ማን እንዲህ አለ? እንዴት አወቀ?" ይላል። ልጆቹ "መርማሪው" ብለውታል። እኔ መስኮቱ ላይ የዝናቡ ጠብታዎች ሲሽቀዳደሙ እያየሁ ግማሹን አልሰማሁትም።

ጥቅምት 14

የጥናት ርዕስ ምረጡ ተባልን። አንዱ ስለ ስልክ፣ አንዷ ስለ እንቅልፍ... እኔ አፌ ቀደመኝና "ያረጀ ልብስ ስለ ባለቤቱ ምን ይናገራል?" አልኩ። ክፍሉ ሳቀ። መርማሪው አልሳቀም።

"ጥሩ ነው። ያንብቡ፣ ይጠይቁ፣ ያመሳክሩ" አለ።

ጥቅምት 23

ቤተ መጻሕፍት። ስለ ልብስ ታሪክ የሚያወራ ወፍራም መጽሐፍ አገኘሁ። የአንድ አሮጌ ቀሚስ ሥዕል አየሁና... በቃ፣ በሐሳብ ሄድኩ። ውስጡ ማን ነበረች? ደረጃ ስትወጣ ታየችኝ። ጫፉን በሁለት ጣቷ ከፍ አድርጋለች። የት ልትሄድ ነው? ፊቷን ልታዞር ስትል አንድ እጅ ትከሻዬን ነካ አደረገኝ።

"እህቴ፣ ልንዘጋ ነው" አለች የቤተ መጻሕፍቱ ሴትዮ።

ሁለት ሰዓት ሙሉ አንድ ገጽ። አይ እኔ!

ኅዳር 2

አክስቴን ጠየቅኳት። ቁልፍ እየተከለች ነበር። ቀና እንኳ ሳትል "ልብስ የሚያልቀው ሰው በኖረበት በኩል ነው" አለችኝ። እንደ ዋዛ። ከዚያ "መቀሱን አቀብዪኝ" አለች።

ኅዳር 9

ጻፍኩ! ከመጽሐፉ የወደድኩትን ሁሉ ወሰድኩ። ቃሉን እየቆረጥኩ፣ ጫፉን እያጠፍኩ ከራሴ ጋር ገጠምኩት። መጨረሻ ላይ መጋጠሚያው የቱ ጋ እንደሆነ ለራሴም ጠፋኝ። አክስቴ "ጥገናው ከታየ አልጠገንሽም" እያለች ነው ያሳደገችኝ። ስለ ልብስ ማለቅ ያለችኝንም ዓረፍተ ነገር ከሁሉ በፊት፣ መጀመሪያው መስመር ላይ አስቀመጥኳት።

አስረከብኩ። ስመለስ በደስታ ሰክሬ ሦስት ፌርማታ አለፈኝ።

ኅዳር 16

ጉድ ሆንኩ።

ሁሉም ከወጣ በኋላ መምህሩ አስቀረኝ። ጽሑፌ በቀይ ተጥለቅልቋል።

"ይህ አንቀጽ የእርስዎ ነው?"

"ከመጽሐፍ ነው።"

"ይሄኛውስ?"

"እሱም።"

"ታዲያ ከመጽሐፍ መሆኑን የት ላይ ነው የገለጹት?"

እኔ ሞኟ ኮራ ብዬ፣ "እንዳይታይ አድርጌ ነው ያስገባሁት። ጥሩ ጥገና አይታይም" አልኩት።

ዓይኑን አፈጠጠብኝ። መጀመሪያ የማሾፍበት መስሎት ነበር መሰለኝ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ "እዚህ ግን ስፌቱ መታየት አለበት። ካልታየ ስርቆት ነው" አለ።

ስርቆት! ክው አልኩ። ኪስ ውስጥ የተረሳ መሃረብ እንኳ አጥቤ የምመልስ ሰው! ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

ሁለት ሳምንት ሰጠኝ። አስተካክዬ ካላመጣሁ ወደቅሁ ማለት ነው። ልወጣ ስል መጀመሪያው መስመር ስር በእርሳስ አሰመረ።

"ይህቺን የትም አላገኘኋትም። ይህቺ የእርስዎ ናት። እንዲህ መጻፍ እየቻሉ ለምን የሰው ይወስዳሉ?"

የአክስቴ ናት። አላልኩም። ለምን አላልኩም?

ኅዳር 17

ማንም በጻፍኩት ነገር አመስግኖኝ አያውቅም። በሕይወቴ። ቀኑን ሙሉ ያቺ የእርሳስ መስመር በካውያው እንፋሎት ውስጥ ትመላለስብኛለች። ይህቺ የእርስዎ ናት... ይህቺ የእርስዎ ናት... የሰው ቀሚስ አቃጠልኩ። ትንሽ ነው፣ ጫፉን።

"ሐሳብሽ የት ነው አንቺ ልጅ?" አለች አክስቴ። ቀምታኝ ጠገነችው። አይታይም።

ኅዳር 21

የመጽሐፉን ሁሉ ፈታሁ። መልሼ በጥቅስ ምልክት አስገባሁት፤ ደራሲው፣ ገጹ። ነጭ ሸሚዝ በጥቁር ክር የሰፋሁ መሰለኝ። ያስጠላል! ደግሞ ራቅ አድርጌ ሳየው... የሰው የቱ፣ የኔ የቱ እንደሆነ ለመጀመሪያ ጊዜ ለየሁ። የኔ ትንሽ ናት። ግን አለች። ሱቃችን የመጣውን ልብስ ለሦስት ሳምንት ቆጥሬያለሁ፤ የጸሐፊዋ ቀኝ ክርን፣ የወለል ሠሪው ጉልበት፣ የሾፌሩ ወገብ። ይህን ማንም አልጻፈውም።

የአክስቴ ቀረች። ስሟን ሳልጠቅስ ብተዋትስ? ማን ይጠይቀኛል? "መነጽሬ ለመርፌ እንጂ ለወረቀት አይሆንም" ትላለች። ፊደል እንደማታውቅ ሁለታችንም እናውቃለን፤ አንነጋገርበትም። እውነቱን ካወጣሁ ደግሞ ያቺ አንዲት ምስጋና ልትሄድብኝ ነው። ዋሸሽኝ ብሎ ቢጥለኝስ?

ኅዳር 25

ቆርጬ ጠየቅኳት።

"እትዬ፣ ልብስ የሚያልቀው ሰው በኖረበት በኩል ነው ያልሽኝ... እንዴት አወቅሽ?"

"እንዴት አወቅሽ ማለት ምን ማለት ነው? አርባ ዓመት የሰፋሁት በጨዋታ ነው?" ፊቷን አዞረችብኝ። "ኮሌጅ ገባሁ ብለሽ እኔን ልትመረምሪ!"

የስፌት መኪናዬን አቆምኩ። ውጪ ጭጋጉ ወርዶ መንገዱ የለም፤ ሱቃችን ብቻ ያለች ይመስል ነበር። መርፌዋን ወደ ጨርቁ መልሳ፣ ሳታየኝ፣

"የባሌ ኮት" አለች። "ሌላው ደህና ሆኖ የግራ ኪሱ ገበር ብቻ ያልቃል። እቀይራለሁ፣ ያልቃል። ሱሪ ላይ እንኳ እንዲህ የሚያልቅ ኪስ አላየሁም። አንድ ቀን ነው የገባኝ። ብርድ ሲሆን እጄን እዚያ ነበር የምከተው። የሁለት ሰው እጅ ነው የጨረሰው።"

እሱ ከሞተ አሥራ አራት ዓመቱ ነው፤ ስለ ኮቱ አንድ ቀን አንስታ አታውቅም።

"ያልሽውን በስምሽ ልጻፈው?"

መርፌዋ ቆመ። "በስሜ? ከነአባቴ?"

"ከነአባትሽ።"

"ጻፊው" አለች። መርፌዋን መልሳ እያነሳች ደግሞ፣ "ኪሱን ግን ተይው። እሱ የራሴ ነው።"

እዚህ ማስታወሻዬ ላይ ብቻ ጻፍኩት። እዚህ ማንም አያነብም።

ኅዳር 30

የተስተካከለውን ጽሑፍ ይዤ መምህሩ ጠረጴዛ ጋ ቆምኩ።

"ያሰመሩባት ዓረፍተ ነገር የኔ አይደለችም። የአክስቴ ናት። ያን ቀን ዝም ያልኩት ደስ ስላለኝ ነው።"

ብዕሩን አስቀመጠ። "ማንም አያውቅብዎትም ነበር እኮ።"

"አክስቴስ?" አልኩት።

ያቺው ጥያቄው መጣች። "እሳቸውስ እንዴት አወቁ?"

"ነግራኛለች። መጻፉን ግን አልፈቀደችልኝም።"

"እንደዚያ ከሆነ ማስረጃው ጎዶሎ ነው። ነጥብ እቀንሳለሁ።"

"ይቀንሱ" አልኩ። ወኔው ከየት እንደመጣልኝ እንጃ።

ታኅሣሥ 6

ውጤት የለም። ስምንት ቁልፍ ተከልኩ። ደመናው ዝቅ ብሎ መስኮታችን ላይ የተደገፈ ይመስላል። ወድቄ ይሆን?

ታኅሣሥ 14

አለፍኩ! ለጥቂት። እሰይ!

ከውጤቱ ጎን "ማስረጃው አልተሟላም። ምንጭዎን ግን አምናቸዋለሁ" ብሎ ጽፎበታል።

ሮጬ ሱቅ ገባሁና ለአክስቴ አነበብኩላት። ስሟ ጋ ስደርስ "ድገሚው" አለች። ደገምኩት።

"አባቴንም ጻፍሽው?"

"ይኸውልሽ።"

"የቱ ጋ?"

ጣቷን ይዤ ስሙ ላይ አስቀመጥኩላት። አላነሳችውም። አርባ ዓመት የሰፋችው ልብስ ሁሉ የሱቁን ስም ለብሶ ነው የወጣው። ይህን እስከ ዛሬ አስቤው አላውቅም።

ሱሪውን ቆሞ የሚጠብቅ አንድ ደንበኛ ሲያዳምጥ ቆይቶ "ደስ ይላል! ማነው የጻፈው?" አለ።

እኔ አፌን ልከፍት ስል አክስቴ ቀደመችኝ።

"የጻፈችው እሷ" አለችው፣ ጣቷ እዚያው እንዳለ። "የተናገርኩት እኔ።"