አሜን ያቃታቸው ሾፌር

እህት ዓለም፣ እንዴት ከረማችሁ? እኔስ መንፈሴ አልረጋ ብሎኛል። ትናንት ከቤተ ክርስቲያን ሰዎች ጋር ሆስፒታል ሕሙማን ልጠይቅ ሄጄ አንድ አዛውንት የጭነት መኪና ሾፌር አገኘሁ። እሳቸው እየነዱ መኪናቸው ተገልብጦ ታናሽ ወንድማቸው ከሞተ ወዲህ ጸሎት ትተዋል። ገና መጽሐፍ ቅዱሴን ስከፍት፣ «ልጄ፣ አትልፊ፤ እኔን እግዚአብሔርም ይቅር አይለኝ» አሉኝ። እኛ ሰፈር ቢሆን «እግዜር ይማርዎ» ብለን ውልቅ ነበር። ልወጣ ተነሳሁ፤ ግን ተመልሼ ተቀመጥኩ። መጽሐፌን ዘግቼ፣ «ወንድምዎ ምን ዓይነት ሰው ነበር?» አልኳቸው። ቀልዱን፣ ዘፈኑን፣ ግትርነቱን እያወሩ ሲስቁ ቆይተው ድንገት ስቅስቅ ብለው አለቀሱ። «በይ ጸልዪልኝ» አሉ። ጸለይኩ፤ አሜን ሊሉ አፋቸው አልታዘዝ አለ፤ እጄን ግን አልለቀቁም። የመመለሻ የአውቶቡስ ትኬቴን ወደ ሌላ ቀን አዛውሬ ዛሬም ወደ እሳቸው እየሄድኩ ነው፤ ምን እንደምላቸው እንጃ። ፖስት ካርዱ ሞላብኝ፤ እማማንና ልጆቹን አገላብጠሽ ሳሚልኝ።