በወገን የተደረደሩ ወንበሮች

ጥቅምት 4፣ ማክሰኞ

ዘጠኝ ሸሚዝ፣ ሁለት ሱሪ፣ አንድ ጥንድ መጋረጃ ተኮስኩ። የካውያው ገመድ ዛሬም እጀታው ጋ ይግላል። አንድ ቀን ያቃጥለኛል... ያቃጥለኝ።

ፋርማሲስቱ ነጭ ጋውኑን ሊወስድ መጣ። ተቀብሎኝ አልሄደም፣ ተቀመጠ። ሰው ሳይሉት ከተቀመጠ አንድ ነገር ፈልጓል ማለት ነው። የሰፈሩ አዳራሽ ውስጥ «አብሮ የመኖር ቀን» ሊያዘጋጁ ነው። እዚህ የሚኖር ወገን ሁሉ በዘፈኑ፣ በልብሱ፣ በቋንቋው የሚታይበት ቀን ነው አለ።

«እትዬ፣ ኮሚቴው ውስጥ ይግቡልን። ከእናንተ ወገን አንዲት ትልቅ ሴት ጎድላናለች።»

«ትልቅ ማለት አሮጊት ማለትህ ነው?»

«የተከበረች ማለቴ ነው።»

«እንግዲያው ሌላ ፈልግ።»

ሳቀ። እኔ አልቀለድኩም። ግን እሺ አልኩት። ለምን እሺ አልኩ? የሆነ ነገር ውስጥ ግቢልን ያለኝ ሰው ከጠፋ ስንት ዘመኑ ነው...

ጥቅምት 6፣ ሐሙስ

ትከሻዬ አሞኛል። የሚጻፍ ነገር የለም።

ጥቅምት 9፣ እሑድ

ሥራ የለም። የድሮውን ደብተሬን አወጣሁ። የመጀመሪያው ገጽ ላይ የጻፍኩት «ሀ» እንደ ተሰበረ ወንበር ወደ አንድ ጎን ዘሟል። ስድሳ ዓመቴ ነበር ያኔ። እጄ ከካውያው ይልቅ እርሳሱን ፈራ።

ያስተማረችኝ ልጅ ጎኔ ትቀመጥ ነበር። «እትዬ፣ እርሳሱን አይነቁት፣ አያመልጥዎትም» ትለኝ ነበር። ከነሱ ወገን እንደሆነች ከመጀመሪያው ቀን አውቃለሁ። ግድ አልነበረኝም። ወድጃት ነበር፣ እውነቱን ለመናገር። በየቀኑ ሁለት መስመር ይጻፉ ያለችኝም እሷ ናት። ይኸው እጽፋለሁ።

ከዚያ ልጄ መጣና «እማዬ፣ ላገባ ነው» አለኝ። ማንን? «አስተማሪሽን። ደስ ይልሻል ብዬ ነው» አለ። እንደዚያ ፊቱ በርቶ አይቼው አላውቅም።

«ፊደል ስላስቆጠረችኝ ልጄን ልስጣት?»

እንዲህ አልኩ። ይህ አፌ!

ሆስፒታል ልብስ ማጠቢያ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሠርቻለሁ። ማንበብ ስለማልችል የሁለት ክፍል አንሶላ አቀላቀልኩ። አለቃዬ ሠራተኛው ሁሉ እየሰማ «ይቺ መሃይም» ብላ አባረረችኝ። የነሱ ወገን ነበረች። ያን ቀን ያቃጠለኝ ነገር እስከ ዛሬ አልበረደም። ልጄ ይህን እያወቀ...

ሠርጋቸው ዕለት አሞኛል አልኩ። አላመመኝም። በሬን ቆልፌ የሰው ልብስ ስተኩስ ዋልኩ። ሦስት ዓመት ሆነው።

ጥቅምት 13፣ ሐሙስ

የኮሚቴ ስብሰባ። ሰባት ሰው፣ አሥራ ሰባት ሐሳብ። አንዱ ፊኛ ይሰቀል ይላል፣ አንዱ ፊኛ የልጅ ነው ይላል። በፊኛ አንድ ሰዓት አለቀ። እነዚህ ናቸው ወገንና ወገንን የሚያስማሙት።

የመቀመጫ ነገር ሲነሳ እጄን አወጣሁ። «ለየወገኑ የራሱ ረድፍ ይሰጠው። ወንበሮቹ ላይ ሪባን ይታሰር፣ ለእያንዳንዱ ወገን አንድ ቀለም። በር ላይ የሚያስተናግድ ሰው ይቁም» አልኩ። ፋርማሲስቱ ጠረጴዛውን መታ። «ግሩም! ብዝኃነታችን ከመድረክ ላይ ቁልጭ ብሎ ይታያል!» ሁሉም ተስማማ። ቃለ ጉባኤ ላይ ሰፈረ። በስሜ።

ለምን እንዳልኩት ግን አልተናገርኩም። የልጄ ሚስት ዘመዶች እንደሚመጡ ሰምቻለሁ። አጠገቤ እንዲቀመጡ አልፈለግኩም። ይኸው ነው... እዚህ ደብተር ላይ ካልዋሸሁ።

ጥቅምት 15፣ ቅዳሜ

ሬዲዮ መጣች። ከታች ያለችው ጎረቤቴ ናት። ወሬ ስለማያልቅባት ነው እንዲህ የምንላት። እሷም ታውቃለች፣ ቅር አይላትም። ቀሚሷን እያስተኮሰች ጀመረች።

«የልጅሽን ልጅ ትናንት ገበያ አየኋት። እንዴት ያለች ወሬኛ መሰለችሽ!»

«አንቺን ካየች ተጋብቶባት ነው።»

«ሁለት ዓመት ሞላት እኮ። ግንባሯ ቁርጥ ያንቺ ነው።»

«የኔን ግንባር ማን ይፈልጋል።»

«አንቺ ሴትዮ፣ እንዲህ እንደሆንሽ ልትሞቺ ነው?»

ካውያውን ቀሚሷ ላይ ትንሽ አቆየሁት። ጮኸች። አላቃጠልኩትም፣ ላስፈራራት ነው። ከሄደች በኋላ ግን መስታወት ፊት ቆሜ ግንባሬን አየሁት። ምኑ ነው የሚወረሰው?

ጥቅምት 20፣ ሐሙስ

ፋርማሲስቱ ወረቀት ይዞ መጣ። መድረክ ላይ የማነበው ነው። በእናቶች ስም እኔ ተመርጫለሁ። «በስተርጅና ፊደል የቆጠሩ እናት ሲያነቡ ሕዝቡ ምን ያህል እንደሚነካ ያስቡት!» አለኝ። እኔን ነው ወይስ ወረቀቱን የሚያዩት?

ጽሑፉ አንድ ገጽ ነው። መሃሉ ላይ እንዲህ ይላል፦ «እኛ የዚህ ሰፈር እናቶች ወገን ሳንለይ ተጋብተን፣ ተዋልደን፣ የአንዳችንን ልጅ ሌላችን አቅፈን አሳድገን እዚህ ደርሰናል።»

ሁለት ጊዜ አነበብኩት። የሚያሾፍብኝ መሰለኝ። ፊቱን አየሁት። አያሾፍም። ረስቶታል እንጂ። ወይም የኔ ቤት ነገር ከዚህ ሁሉ ሰው ፊት ምንም አይደለም።

«ይቺ መስመር ትቅር» አልኩት።

«እትዬ፣ የጽሑፉ ልብ እሷ ናት!»

ጥቅምት 23፣ እሑድ

ልምምድ ነበር። አንባቢዎቹን የምታለማምደው ማን ሆና ብትመጣ ጥሩ ነው? እሷ፣ የልጄ ሚስት።

ከሠርጉ ወዲህ እንዲህ ቀርቤ አይቻት አላውቅም። ከስታለች። ሰላም አለችኝ፣ አንገቴን ነቀነቅኩ። ተራዬ ሲደርስ «ብቻዬን ተለማምጃለሁ» አልኳት። ወረቀቱን ከእጄ ተቀብላ አየችው። ዓይኗ መሃሉ ላይ ሲቆም አየሁት።

«ይህን ያነቡታል?» አለች፣ ቀስ ብላ።

«ተጽፎ ከተሰጠኝ ምን ላድርግ?»

«አይ... ማንበቡንስ ያነቡታል።»

ወረቀቱን አጥፋ መለሰችልኝ። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። ለስድብ መልስ አላጣም።

ጥቅምት 30፣ እሑድ

መሽቷል፣ ግን ዛሬውኑ ልጻፈው።

አዳራሹ ጢም ብሎ ሞላ። ወንበሮቹ በሪባን አምረዋል። አረንጓዴው የኛ፣ ቢጫው የነሱ፣ ሌላውም እንደዚያው። በር ላይ ጡረታ የወጣው የአውቶቡስ ሹፌር ቆሞ እንደ ተሳፋሪ ያስተናግዳል። «አንተ ወደ ቀኝ! እናንተ ወደ ኋላ!» አብሮ የመኖር ቀን... ጎረቤታሞች በር ድረስ አብረው መጥተው በር ላይ ሲለያዩ አየሁ። ሬዲዮ ከጎረቤቷ ተለይታ ብቻዋን ተቀምጣ አኩርፋለች። የምታወራው ሰው የለማ።

ተዘፈነ፣ ተጨበጨበ። ስሜ ተጠራ። ወጣሁ። ማንበብ ጀመርኩ። ድምፄ ደህና ነበር። ቃል አልሳትኩም።

መሃል ላይ ቀና አልኩ። ልጄ በር ላይ ነው። ሕፃኗን አቅፏል፣ ሚስቱ ጎኑ ናት። የሚሉት አይሰማኝም፣ የሹፌሩን እጅ ግን አየሁት። ልጄን ወደ አረንጓዴው ጠቆመው። እሷን ወደ ቢጫው። ልጄ አንድ ነገር ተናገረ። ሹፌሩ ሕፃኗን አየ፣ አረንጓዴውን አየ፣ ቢጫውን አየ... አንገቱን አከከ። ክፉ ሰው አይደለም። የታዘዘውን ነው የሚያደርገው። ያዘዝኩት እኔ ነኝ።

ልጄ ልጁን ወደ ሌላኛው ትከሻው አዛወራት። መተላለፊያው ላይ ቆሙ። አዳራሹ ሙሉ ሰው ተቀምጦ የቆሙት እነሱ ብቻ ናቸው።

እኔ የደረስኩት እዚያች መስመር ላይ ነበር። «ወገን ሳንለይ ተጋብተን» አልኩና ቆምኩ። ፊደሉ ሁሉ ይታየኛል፣ ከአፌ ግን አልወጣም። ሰው ማንበብ ያቃተኝ መሰለው። ከኋላ «አይዞዎት እማማ!» አለ አንዱ። ጭብጨባ ሆነ።

«ማንበብ አቅቶኝ አይደለም» አልኩ በማይኩ። ከዚያ «ልጄ! ወደዚህ ና፣ አረንጓዴው ላይ ሦስታችሁም ተቀመጡ» አልኩ።

ሰው ሁሉ ዞረ። ልጄ አየኝ። ራሱን ነቀነቀ... አይሆንም ብሎ። ዞሮ ወጣ። እሷም ቀና ብላ አንድ ጊዜ አይታኝ ተከተለችው። ሕፃኗ በአባቷ ትከሻ ላይ ወደ እኔ ዞራ አየችኝ። ሬዲዮ አልዋሸችም።

ሕዝቡ የዝግጅቱ ክፍል መስሎት አጨበጨበ።

ኅዳር 1፣ ሰኞ

ፋርማሲስቱ ማለዳ መጣ። «እትዬ፣ ልብ የሚነካ ነበር። ሰው አለቀሰ» አለኝ።

«ወንበሮቹን በወገን ይደርደሩ ያልኩት ለምን እንደሆነ ታውቃለህ?» አልኩት። ነገርኩት። የልጄ ሚስት ዘመዶች አጠገቤ እንዳይቀመጡ ብዬ ነው አልኩ። ጋውኑን እንደያዘ ቆሞ ቀረ።

«እኔ ግን ጥሩ ሐሳብ መስሎኝ ነበር» አለ። ቆየና «አሁን ሳስበው... ሚስቴም ከእናቷ ተለይታ ነው የተቀመጠችው» አለ። እሱም ገና አሁን ታየው።

ኅዳር 3፣ ረቡዕ

ስልኩን አንስቼ አስቀመጥኩ። አንስቼ አስቀመጥኩ። በሦስተኛው ደወልኩ።

«ምን ፈለግሽ እማዬ?»

«ለምን ወጣህ?»

«ለምን ልቀመጥ? ሦስት ዓመት በርሽን ዘግተሽብኝ፣ አሁን ያ ሁሉ ሰው ፊት በማይክ ትጠሪኛለሽ?»

«ቦታ አጥታችሁ አይቼ ነው።»

«ቦታ ያጣነው አዳራሹ ውስጥ አይደለም።»

ስልኩን ወደ ጆሮዬ አስጠጋሁ። ትንፋሹ ይሰማኛል። ሲናደድ በአፍንጫው ነው የሚተነፍሰው፣ ከልጅነቱ ጀምሮ።

«ቤትህ የት ነው?» አልኩት።

«የኔን ቤት አታውቂውም?»

«አላውቀውም።»

ይህን ስል አፈርኩ። የወለድኩት ልጅ የሚያድርበትን አላውቅም። ነገረኝ፣ ጻፍኩት። ከትምህርት ቤቱ ጀርባ ቢጫው ሕንፃ፣ አራተኛ ፎቅ፣ በስተግራ። ከዚህ በእግር አሥራ ሁለት ደቂቃ ቢሆን ነው።

ኅዳር 5፣ ዓርብ

አሥራ ሁለት ደቂቃ... ሆስፒታል አንዲት ሴት ሰደበችኝ። አንዲት። እሷ ምናልባት ሞታለች። ስንቱን ሰው በሷ ዕዳ ስጠይቅ ኖርኩ?

ኅዳር 7፣ እሑድ

ሄድኩ።

ደረጃው ላይ ሁለት ጊዜ አረፍኩ። ሁለተኛው ላይ ልመለስ ነበር። ጉልበቴን ሰበብ አድርጌ። አንኳኳሁ።

የከፈተችው እሷ ናት። ፀጉሯ እርጥብ ነው። «ይግቡ» አለችኝ። አልሳቀችም፣ አልተቆጣችም። ገብቼ ቆምኩ። መንገድ ላይ ሳሰናዳው የመጣሁት ንግግር ጠፋ።

«ወንበሮቹን እንደዚያ ያስደረደርኩት እኔ ነኝ» አልኩ።

«አውቃለሁ። ጎረቤትዎ ነግራኛለች።»

ሬዲዮ! መቼስ ማን ይሆናል።

«ሠርጋችሁ ዕለትም አሞኛል ያልኩት ውሸት ነው።»

«እሱንም አውቃለሁ።»

«ታዲያ ለምን አስገባሽኝ?»

«ስላንኳኩ ነዋ።»

ይቅር በይኝ አልኳት። ሄዳ ፀጉሯን ጠቀለለች። ተመልሳ «እኔ ብቻዬን ይቅር የምለው አይደለም። እናቴም አለች» አለች። ልክ ናት። ለእናቷም እሄዳለሁ አልኳት። «እሷ እንደኔ አይደለችም፣ ትናገርዎታለች» አለችኝ። ትናገረኝ።

ልጄ ወጥ ቤት ነበር፣ ዕቃ ያጥባል። የሚታጠበው ዕቃ ካለቀ በኋላም ውሃው ሲፈስ ይሰማኛል። ሕፃኗ የእናቷን ቀሚስ ይዛ ስታየኝ ቆየችና ልጠጋት ብል እሪ አለች። ተውኳት። እጄን ጭኔ ላይ አድርጌ ተቀመጥኩ። ልቤ ውስጥ የሆነውን አልጽፈውም።

ውሃው ቆመ። ልጄ እጁን እያደረቀ ብቅ አለ። አልሳመኝም። ሕፃኗ ሮጣ እግሩን አቀፈችና በጣቷ ጠቆመችኝ።

«ማናት?»

አየኝ። እኔም አየሁት። እኔ እንድመልስ የጠበቀ ይመስል ትንሽ ቆየ።

«የአባትሽ እናት ናት» አላት።

አያትሽ አላለም። ስመለስ መንገዱን ሁሉ ይህንኑ ሳስብ መጣሁ። ቅር ሊለኝ ሞከረ፣ አልፈቀድኩለትም። ልክ ነው የነገራት። ዛሬ የሆንኩት ያንን ብቻ ነው።