ጋሽ ታደሰ የሞቱበት ፊልም

ማክሰኞ፣ ኅዳር 4፣ ጠዋት

ዓምዱ አልተጻፈም። ሻዬ ቀዝቅዟል። የመጽሔቱ ዋና አዘጋጅ ወይንሸት ከአዲስ አበባ ደጋግማ ደውላለች፤ አላነሳሁም። ስለ ሰፈሩ ፀጉር ቤቶች ጠብ ልጽፍ ነበር። ይቅር። የባሰ ወሬ አለኝ፣ ማስታወሻዬ፣ ቁጭ በዪ።

ብሩክ መጥቷል! የሰፈራችን ብሩክ፣ የጋሽ ታደሰ ልጅ። ሆሊውድ ለፊልም ስክሪፕት የሚጽፈው፣ የመጨረሻው ፊልሙ የተሸለመለት፣ ሰፈራችን ታቦር በወሬ መዋኛ ገንዳ ያሠራለት። ገንዳ የለውም፤ ጠየቅኩት። ኪራይ ቤት ነው።

ሰፈሩ ቅር ብሎታል። አንድ የጀርባ ቦርሳ አንጠልጥሎ፣ ሶሉ የተበላ ጫማ አድርጎ ከባጃጅ ወረደ። ጎረቤታችን እትዬ አበበች ሥራውን ለቆ ይሆን እንዴ ብለው ሹክ አሉኝ። የለም እትዬ፣ ጸሐፊው ፊልሙ ላይ አይታይም አልኳቸው። "ካልታየማ ምኑን ታዋቂ ሆነ?"

ወይንሸት ስነግራት ጮኸች። የሽፋን ታሪክ! ለእኔ! ግን ትኩስ ነገር ያስፈልጋል አለች። ለምን አላገባም? ማንን ያውቃል? እስከ መጪው ማክሰኞ።

ሐሙስ፣ ኅዳር 6፣ ከሰዓት በኋላ

ከብሩክ ጋር ሐይቅ ዳር። የአሳ ሾርባ። አባ ኮዳ ወፎቹ እንደ ጡረተኛ ዳኛ እጃቸውን ወደ ኋላ አድርገው ያዩናል።

ሥራውን አስረዳኝ። ገና ያልተጻፈ ፊልም ይዞ ገንዘብ ያላቸው ሰዎች ፊት ይቆማል፣ በቃሉ ይተርካል። ካልጣማቸው ደህና ዋል። ጓደኞቹ ይፈራሉ፣ እሱ አይፈራም። ለምን? አባቱን ያስታውሳላ።

አንቺ ታውቂያቸዋለሽ፤ ደስ ስለሚለኝ ልድገመው። ጋሽ ታደሰ ድሮ እዚሁ ከተማችን ፒያሳ ቪዲዮ ቤት ነበራቸው። ፊልሙ በእንግሊዝኛ፣ እኛ ልጆች አግዳሚ ላይ፣ እሳቸው የቆዳ ኮፍያቸውን ደፍተው ከቴሌቪዥኑ ጎን። እየተከታተሉ ያስረዱናል። እንግሊዝኛቸው እንኳን እስከዚህም ነው። ያልገባቸውን ከራሳቸው ይሞላሉ። እና በእሳቸው ትርጉም ሰው አይሞትም! ጥይት የበላው "ቆስሎ ነው፣ ይድናል"። የተቀበረው? "ሳጥኑ ባዶ ነው፣ ጠላትን ለማታለል ነው"። እፎይ ብለን ወደ ቤት።

ከዚያ ብሩክ ላፕቶፑን ከፈተ። ፊልሙን አየሁት።

ወይ ጉዴ። ሐይቅ ያለበት ከተማ። ቪዲዮ ቤት ያለው ሽማግሌ፣ የቆዳ ኮፍያ። ልጁ ውጭ አገር፤ ይህን ሥራ ልጨርስና እመጣለሁ፣ ያንን ልጨርስና። ሽማግሌው ይሞታል። ልጁ ከቀብር በኋላ ይደርሳል። የሽማግሌውም ስም ታደሰ!

ማንኪያዬን አስቀመጥኩ። በቁሙ ያለ አባት ስሙ ተጠርቶ ይገደላል? ሟርት እኮ ነው!

ብሩክ አንገቱን ደፋ። ስሙን ለጊዜው ነበር ያስገባው፤ ኋላ ሌላ ስም እምቢ አለው። ገንዘብ ሰጪዎቹ ሽማግሌው ይዳን ብለው ለምነውት ነበር። እሱ ነው ተከራክሮ የገደላቸው። እዚያ ሆኖ ሲጽፈው ክብር ነበር የመሰለው፤ ሟርትነቱ ትዝ ያለው አውሮፕላን ውስጥ ነው።

አባቱ ሽማግሌው እንደሚሞት አላወቁም። ዓይናቸው ደክሟል፣ ብርሃንና ጥላ ብቻ ነው የሚለዩት። ግን ለእሑድ ሰፈሩን በሙሉ ጠርተዋል። ፊልሙ ግቢያቸው ውስጥ፣ አንሶላ ላይ ይታያል። ፕሮጀክተሩን ተከራያቸው፣ የዩኒቨርሲቲው መምህር፣ ያመጣል። ተራኪው? ራሳቸው! እኔ ደግሞ ከጎናቸው ተቀምጬ የማየውን በጆሯቸው ልነግራቸው ነው። ዓይናቸው እኔ።

ብሩክ ለመነኝ። ሽማግሌው አልጋ ላይ ሲተኛ የፕሮጀክተሩን ገመድ እነቅላለሁ፣ አንቺ መብራት ጠፋ በያቸው። እሺ አልኩ። ምን ልበል?

ቅዳሜ፣ ኅዳር 8

አፌን! ለወይንሸት አመለጠኝ። ወዲያው ርዕስ አወጣች፦ "አባቱን በስክሪፕት የገደለው ልጅ"። ይሸጣል አለች። እውነቷን ነው፣ ይሸጣል። ጀመርኩት፣ ሰረዝኩት፣ ደግሞ ጀመርኩት።

አመሻሽ ላይ ጋሽ ታደሰ ጋ ጎራ አልኩ። በረንዳ ላይ ኮፍያቸውን ቅባት ይቀባሉ። የፊልሙ ሰውዬ እውነት እንደ እኔ ያለ ኮፍያ አለው ወይ? አለው። ያምርበታል? ያምርበታል ጋሼ። ፈገግ አሉ፣ ደፉት፣ አወለቁት፣ ደግሞ ቀቡት። ልጄ አልረሳኝም አሉ።

ቤቴ ገብቼ አለቀስኩ። ዓምዱን አልነካሁትም።

ሰኞ፣ ኅዳር 10፣ ጠዋት

ትናንት ልጽፍልሽ አልቻልኩም። አሁን ልንገርሽ።

ግቢው ሞልቷል። አንሶላው ነፋስ ይነፋዋል። የድሮ ደንበኞች ሁሉ ሸብተው መጥተዋል። ጋሽ ታደሰ ቆመው፣ እኔ ከጎናቸው በርጩማ ላይ። እኔ አንዷን ሹክ እላለሁ፣ እሳቸው አሥር ያደርጓታል። ሕዝቡ ይስቃል። ብሩክ ከኋላ፣ እጁ ገመዱ ላይ።

አልጋው መጣ። ብሩክን አየሁት። ገመዱን አልነቀለም። እኔም ጨነቀኝና ተኝቷል ጋሼ አልኳቸው፤ ደክሞት ተኝቷል።

ጎንበስ ብለው፣ "ማህሌትዬ፣ በእኔው ሙያ? ቀጥለሽ ሳጥኑ ባዶ ነው ልትዪኝ ነው?"

ቀና አሉ። መብራት ጠፋ ማለትንም አውቃለሁ፣ ገመዱን ማንም እንዳይነካ አሉ፤ ብሩክ እጁን እንደ ሌባ ሰበሰበ። ከዚያ በዚያ በቪዲዮ ቤት ድምፃቸው፣ "ታደሰ ሞተ!"

እትዬ አበበች በስመ አብ ብለው ጆሯቸውን ያዙ። ሟርተኛ! የገዛ አባቱን! ጉርምርምታው ተነሣ። ብሩክ ፊቱን በእጁ ሸፈነ።

"አበበች፣ በሕልም የሞተ ዕድሜው ይረዝማል የምትዪ አንቺ አይደለሽ? ፊልም ምንድነው? ዓይን ተገልጦ የሚታይ ሕልም! ልጄ ዕድሜ ጨመረልኝ። ነይ፣ እልል በዪ!"

እትዬ አበበች ትንሽ አሰቡ። እልል አሉ።

ፊልሙ አለቀ። ስሞቹ ከታች ወደ ላይ መውጣት ጀመሩ። ሰው ነጠላውን እያራገፈ ሊነሣ ሲል፣ ቁጭ በሉ፣ አላለቀም አሉ ጋሽ ታደሰ። ምን እየታየ ነው ማህሌት? የሠሩት ሰዎች ስም ነው ጋሼ፣ ብዙ ነው። ለሕዝቡ ዞሩ፣ ይሄ ሁሉ የለቀስተኛ ስም ነው፣ ተሸውደው ነው የመጡት፣ ሳጥኑ ባዶ ነው! ግቢው በሳቅ ፈረሰ። ሲረግብ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። ታደሰ ጓሮ ተቀምጦ ሻይ ይጠጣል። በሩ ተንኳኳ። ልጁ ነው። ዘገየሁ ወይ ይላል። ታደሰም...

እዚህ ላይ አቆሙ። ስሞቹ ይወጣሉ። ከኋላ የብሩክ ድምፅ፣ "ምን አለው አባዬ?"

"'ሻዩ ገና ትኩስ ነው፤ ግባ' አለው።"

ስሞቹ አለቁ። አንሶላው ነጭ ሆነ። ብሩክ በሰው መካከል እየተጋፋ መጣ፤ አባቱን ሲያቅፍ የቆዳ ኮፍያቸው ወደቀ። እኔ አነሣሁት። ምንም አላየሁም፣ ዕንባዬ ነው።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 11፣ ቀትር

ወይንሸት ርዕሱን ትጠይቃለች። ያንን አልልክም። አባቱን በስክሪፕት ስለገደለ ልጅ ሌላ ሰው ይጻፈው። የእኔ ስለ አንድ ቪዲዮ ቤት ነው፣ ስሞቹ ሲወጡም ስለማይቀመጡ ተራኪ። ሽፋኑ ይቅርብኝ። ላክሁት። በቃ።

ብሩክ ሐሙስ ይበራል። ትናንት አባቱ አዘዙት፦ የሚቀጥለው ሽማግሌ የፈለገው ስም ይኑረው፣ ወጣቱ ግን ብሩክ ይባል፣ ይዳርም። እትዬ አበበች እኔን አዩኝ። እኔ ሐይቁን አየሁ፤ ከዚያ ግቢ ሐይቁ አይታይም።

ከበሩ ውጭ የባጃጅ ጥሩምባ። እነሱ ናቸው፣ ለሾርባ ልንወርድ ነው። ስልኬ ይጮኻል፣ ወይንሸት፣ አላነሳም። ጋሽ ታደሰ ለሾፌሩ ፊልሙን እየተረኩለት ነው፤ እዚህ ድረስ ይሰማል። መጨረሻው ደግሞ ተቀይሯል! ልጁ ሻዩን ይጠጣል፣ ከዚያ ሰፈር ውስጥ የሚያገባት ልጅ አለች፣ ወሬ ትወዳለች፣ መጽሔት ላይ ትጽፋለች። ሾፌሩ ስሟን ጠየቃቸው። ብሩክ አባዬ ተው ይላል። ስሟ... ልውጣ፣ ሳይጠሩኝ ላቁማቸው!