ከተቀበረ በኋላ ሦስት ቀን

ይድረስ ለወንድም ጋሼ ኪየን፣ ኦሳካ፤

ጤናህ እንዴት ነው? ያ ወገብህስ ተሻለህ? እዚያም ሙቀቱ ከእኛው አይተናነስም ሲሉ ሰማሁ፤ ፋብሪካው ውስጥ እንዴት ትችለዋለህ? ምግብስ ትበላለህ ወይስ እንደ ልማድህ ቆመህ ትጎርሳለህ? እኛ፣ እማዬም፣ ባለቤቴም፣ ትንሿ ልጄ ዱየንም፣ ቆመን እንሄዳለን። ደኅና ነን ብዬ ግን አልዋሽህም።

ሃይፎንግን አሁን ብታያት አታውቃትም። ማዶ ካት ሃይ ደሴት ላይ የወደቡ ክሬኖች ሰማዩን ሞልተውታል። መንገዱን የኮንቴይነር መኪኖች ወርሰውታል፤ ዱየንን ትምህርት ቤት ለማድረስ በሞተር ሳይክል በመሃላቸው ስሾልክ በየቀኑ ነፍሴ ወጥታ ትመለሳለች። የካም ወንዝ ያው ጭቃውን ያግዛል፤ የሲሚንቶው አቧራም ከልብስ ማስጫው ላይ አልጠፋም። ከተማዋ አደገች ይላሉ። አድጋለች እንጂ፣ እኛ ግን ጀልባ ማሰሪያ ጠፋብን። እማዬ ገበያው በር ላይ የሸርጣን ሾርባዋን ስትሸጥ ነበር፤ ካለፈው ወር ወዲህ ግን ለገበያ አልጣደችም። የተቀመጥኩት ምክንያቱን ልጽፍልህ ነው።

ጋሽ ዶአን መጣ። አዎ፣ የአባባ ጀልባ ካፒቴን፤ ከአባባ ባዶ መቃብር አጠገብ የእሱም ባዶ መቃብር ያለው፣ እኛው ራሳችን ያለቀስንለት ዶአን። በጠራራ ፀሐይ፣ እማዬ ደንበኛ እያስተናገደች፣ አንድ የከሳ ሰው ፊቷ ቆመና «እትዬ፣ እኔ ነኝ» አላት። ጭልፋው ከእጇ ወደቀ። ዓሣ ሻጯ ኦዋን እንደምታውቃት ናት፤ «ኧረ ጉድ! የሞተ ሰውም ሾርባ ያምረዋል!» አለች። ዓይኑን ስታየው ግን አፏን ያዘች።

ያን ጊዜ ማዕበል ይመጣል ተብሎ ሲለፈፍ «ሬዲዮ ደግሞ ባሕር ያውቃል እንዴ?» ብሎ አባባን ጨምሮ አራቱን ይዟቸው የወጣው እሱ ነበር። በኋላ የደቡብ ዓሣ አጥማጆች አነሱት። የአራት ሰው ሚስትና ልጅ በምን ፊቴ አያለሁ ብሎ፣ ስሙን ቀይሮ አራት ዓመት እዚያው ተደበቀ። አሁን ጉበቱ አልቆለታል። ሳልናገር አልሞትም ብሎ ነው የመጣው።

ስማኝ ወንድም ጋሼ። ጀልባው የተገለበጠው በጨረቃ አቆጣጠር በሰባተኛው ወር፣ በአራተኛው ቀን ነው። ሦስቱ ወዲያው ሰጠሙ። አባባና ዶአን የዓሣ በረዶ መያዣው ሣጥን ላይ ተንጠለጠሉ። አባባ የሞተው በዚያው ወር በዐሥረኛው ቀን ነው። ውሃ ጥም ነው የገደለው። እስከ መጨረሻው «አይዞህ፣ ኪየን ጀልባ ይዞ እየፈለገን ነው፤ እኔ ልጄን አውቀዋለሁ» ይል ነበር አለን።

እኛ ደግሞ በሰባተኛው ቀን ቀብረነዋል። አንተ ወደ ጃፓን የምትበርረው በዘጠነኛው ነበር፤ የበኩር ልጅ አፈር ካልመለሰ ደግሞ መቃብሩ አይዘጋም። ስለዚህ ቸኮልን። በአስከሬኑ ፈንታ ከጭቃ የሠራነውን ምስል የአባባን ሰማያዊ ሸሚዝ አልብሰን ዘጋንበት። የመንደሩ ጀልባዎች ገና ይፈልጉት ነበር። መቃብሩ መዘጋቱን ሲሰሙ ግን ተመለሱ፤ ካረፈ በኋላ መፈለግ ነፍሱን ከቤቷ ማስወጣት ነው ብለው። በእኛ በልጆቹ እጅ ነው ፍለጋው የቆመው። ከዚያ ወዲህም ቀኑ እንደጠፋባቸው ሰዎች ሁሉ፣ ሙት ዓመቱን ከቤት በወጣበት ቀን፣ ወሩ በገባ በሦስተኛው፣ ስናደርግ ኖርን። ገና ሳይሞት በነበረበት ቀን ሙት ብለን ጠራነው!

ይህን የምጽፈው ልወጋህ ብዬ አይደለም። ውሸቴን ነው፤ ልወጋህም ነው። ብቻዬን መሸከም አቃተኝ። ግን «ይሁን፣ ይዘጋ» ብዬ ሸሚዙን ከሣጥን ያወጣሁት እኔ ነኝ፤ ተኩሼውም ነበር።

ትናንት ዐሥረኛው ቀን ነበር። እማዬ ለሙት ዓመቱ ሩዝም ዓሣም አላሰናዳችም። ያን ትልቁን የሾርባ ድስት ፈትጋ አጠበችው፤ ውሃ አፈላችበት፤ አቀዘቀዘችው፤ ሁለታችን ተሸክመን ከአባባ ፎቶ ፊት አስቀመጥነው። ከዚያ «ጠጣ፣ አንተ ሰው» አለችው። «ዘገየንብህ።» ዶአን ደጃፉ ላይ ቆሞ ነበር፤ ግባም ውጣም ያለው የለም።

ባለቤቴ ሰላም ብሎሃል፤ ወገብህን በሙቅ ጨርቅ ያዘው ይልሃል። ዱየን የላክህላትን ቦርሳ አዝላው ልትተኛ ምንም አልቀራት፤ ጉንጭህን ስማለች። ጋሽ ዶአን ይቅርታ በይልኝ ብሎኛል፤ ይኸው ብያለሁ።

እማዬም ትስምሃለች። ይህን መጻፌን አታውቅም። «ለኪየን እንዳትነግሪው፤ ሰው አገር ብቻውን ነው። አዋቂ የሙት ዓመቱን ቀን ወደ ዐሥር አዛወረው ብቻ በይው» ብላ አስምላኛለች። ስትደውል እንዳልሰማህ ሁን፤ ቀኑ ለምን ተለወጠ ብለህም ጠይቃት። ሌሊቱን ሁሉ ስትለማመደው ሰምቻታለሁና፣ ትዋሽህ ተዋት።

እህትህ ንጋን
ሃይፎንግ፣ ኦገስት 11 ቀን 2019