ትኩሳቱ ለቋታል

ጥቅምት 6
ለማጠብ ከሆቴሉ የተረከብነው አንሶላ ዛሬም እንደተቆለለ ዋለ። ምራቴ አልተነሣችም። ትኩሳት፣ ራስ ምታት፣ ዓይኔን ከኋላ ወጋኝ... ሰፈሩ ሁሉ በትኩሳት ተኝቶ የለ? እንደ ንግሥት የምትታመመው እሷ ብቻ ናት። ልጄ የጭነት መኪናውን ይዞ ከወጣ ወዲህማ ቅብጠቷ ብሷል።

ጥቅምት 8
ጤና ጣቢያ ወሰድኳት። ደንጊ ነው አሉ፤ ትንኝ ነው የሚያመጣው። ሐኪሙ ጢሙን እንኳ በቅጡ አላበቀለም። «ትኩሳቱ ሲወርድ ዳነች እንዳይሉ። ክፉው ያኔ ነው። ትረፍ። ደከመኝ ካለች ቶሎ ያምጧት» አለኝ። እሱ ሳይወለድ ስንቱን ትኩሳት አሳልፌያለሁ!

ጥቅምት 11
ለቀቃት! ግንባሯ ቀዝቅዟል፣ ተመስገን። የሆቴሉ ኃላፊ ደውሎ እንደ ልጅ ተቆጣኝ። አንሶላው ተቆልሏል።
«ተነሺ በይ።»
«እማማ፣ ልቤን...»
«ልብሽን ምን ሆነሽ?»
«ይከብደኛል። ትንሽ ልተኛ፣ እባክዎ።»
ልቧ! ሰው እህል ሳይቀምስ ሲውል ሆዱን ልቤ አይደል የሚለው? ሾርባ ሰጠኋት፤ ቀመስ አድርጋ ተወችው። «ልብሽንማ ለልጄ ሰጥተሻል፤ ለእኔ እጅሽ ይበቃኛል» አልኳት። ጎረቤታችን ልብስ ሰፊዋ በሳቅ ፈረሰች። ምራቴም ለይሉኝታ ፈገግ አለች። ነገ ትነሣለች።

ጥቅምት 12
ተነሣች። እርጥቡን አንሶላ ተሸክማ ወደ ሰገነቱ ስትወጣ ደረጃው መሀል ቁጭ አለች። ከታች ሆኜ «ምነው፣ ፎቶ የሚያነሣሽ መጣ?» ብዬ ጮህኩባት። ተነሥታ ወጣች። አንድ አንሶላ ሳታሰጣ... ድው የሚል ሰማሁ። ከንፈሯ ጠቁሮ ነበር። ከልብስ ሰፊዋ ጋር ተሸክመን አወረድናት።

ጥቅምት 13
ሆስፒታል። ደረቷ ላይ ሽቦ በሽቦ ነው። በሽታው የልብ ጡንቻዋን ጎድቶታል፣ ደም መግፋት አቅቶታል፣ ሳንባዋም ውሃ ቋጥሯል አሉኝ። ልቧ ነበር ለካ... እውነተኛው ልቧ።
«ትኩሳቱ ከወረደ በኋላ ምን ስትሠራ ነበር?» አለች ሐኪሟ።
«ኧረ ምንም! ተኝታ ነው የከረመችው» አልኩ።
ምራቴ ዓይኗን ገልጣ አየችኝ። መልሳ ጨፈነች። ምን ልበል ታዲያ? ገደልኳት ልበል?

ጥቅምት 17
ልጄ ደረሰ። አልሳመኝም።
«እማዬ፣ ልቤን አላለችሽም?»
«ሆዷ መስሎኝ...»
«የት ጋ ነው ብለሽ ጠየቅሻት?»
አልጠየቅኋትም። ወንበሩን ስቦ ጀርባውን ሰጠኝ።

ጥቅምት 20
ትተርፋለች አሉ። አለቀስኩ። ለእሷ ይሁን ለራሴ እንጃ።

ኅዳር 15
ልጄና ምራቴ ልብሳቸውን ሊወስዱ መጡ። ሌላ ቤት ተከራይተዋል። ልቧ እያገገመ ነው፤ ለወራት ከባድ ነገር አትነካም። ከስታለች። ይቅርታ ልጠይቃት ሌሊቱን ስዘጋጅ አድሬ ነበር። ስትገባ ግን ይሄ ምላሴ... «አይ፣ ደረጃ መውጣት ችለሻላ!» አልኩ።
ቁልፉን ጠረጴዛው ላይ አኖረች።
«አንቺ፣ ቁልፍሽን ያዢ» አለችኝ።
አንቺ! አንድ ቀን እንኳ ከእርስዎ ወርዳ አታውቅም። ልጄን አየሁት። እንዲህ ተብሎ እናት ይጠራል እንዲላት፣ ቢያንስ እንዲደነግጥ... ሻንጣዋን አነሣላት።
«ቀስ እያልሽ ውረጂ፣ የኔ ሆድ» አላት። ወጡ።