የብሌን ራስ ምታት

ለወንድምዓለም ታጠቅ፣ ጎንደር

እንደምን ሰነበትክ? እኛ መድኃኔዓለም ይመስገን፣ ሽንፋ ላይ ደህና ነን። ሰሊጡ ታጭዶ፣ ታስሮ ቆሟል። ሙቀቱም እንደ ልማዱ ነው።

ልጄ ብሌን ከማሳ ስትመለስ ከትራክተሩ ተሳቢ ላይ ወድቃ ራሷን ተመትታ ነበር። አልደማችም። ጤና ጣቢያ ወስጃት አሥራ ስድስት ዓመቷ ነው አልኩት ሐኪሙን።

"አንጎሏ ተናውጧል። በዚህ ዕድሜ ብዙዎቹ በወር ውስጥ ይድናሉ፤ የሚቆይባቸውም አሉ" አለኝ።

"የእኔዋ ከየትኞቹ ናት?"

"እሱን ከአሁኑ መናገር ያስቸግራል። እረፍት ታድርግ።"

ወሩ አልፏል። ብርሃን ዓይኗን ስለሚወጋት መስኮቱን በነጠላ ጋርጃለሁ። መጽሐፍ ስትገልጥ ራሷን ያማታል፤ መልሳ ትዘጋዋለች። "እማ፣ ዛሬ ማክሰኞ ነው?" ትለኛለች፤ እነግራታለሁ። ትንሽ ቆይታ ያንኑ ትጠይቀኛለች፤ አሁንም እነግራታለሁ። ጎረቤት ሲጠይቀኝ እየተሻላት ነው እላለሁ። ከዚያ ማሽላዬን ማበጠር እቀጥላለሁ።

ከአጨዳ በኋላ አንተ ዘንድ መጥታ ትማራለች ያልነውን ትንሽ እናቆየው። ልጆቹን ሳምልኝ፤ እመብርሃን ከነቤተሰብህ ትጠብቅህ። ለብሌን ያነጠፍክላትን አልጋ ግን ለሌላ ሰው እንዳትሰጥብኝ።

እህትህ አየሁሽ